የቆረጥኩት የመሬት ሽቦ

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር የተፈጸመው ከአንድ ቅዳሜ ጠዋት እስከ ሰኞ ቀትር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። ስንዱ እባላለሁ፤ ያኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቄ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ጋሽ ተካ የሚባሉ ሰው ጥገና ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሬዲዮ፣ ካውያ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የተበላሸ ሁሉ ይመጣልናል። ሴት ልጅ ካቻቢቴ ይዛ ሲያዩ "ባለሙያው የለም እንዴ?" የሚሉ ደንበኞች አይጠፉም። "ባለሙያዋ እኔ ነኝ" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ይህን ስል ትንሽ አብዝቼ እኮራ ነበር። አንድ ዕቃ "አልቻልኩም" ብሎ ለባለቤቱ መመለስ ለእኔ ሞት ነበር።

ያን ቅዳሜ ጋሽ ተካ ለተዝካር ወደ አገራቸው ሄደው ሱቁን ለእኔ ትተውልኛል። ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ ነጭ ላዳ በሩ ላይ ቆመና የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የዘጋ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ወረደ።

"ኤሌክትሪሻኑ የታለ?"

"እኔ ነኝ።"

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። "አንቺ?"

"አዎ። ምን ነበር?"

"ዕቃሽን ያዢና መኪና ውስጥ ግቢ።"

"የሚሠራው ምንድን ነው? የምይዘውን መሣሪያ እንዳውቅ ነው።"

"ሁሉንም ያዢ!"

በዚያ ዘመን አንድ የማያውቁት ሰው "መኪና ውስጥ ግቢ" ሲል ሰው የሚያስበው ስለ ጥገና አይደለም። ቦርሳዬን አንስቼ ሱቁን ስቆልፍ ጎረቤታችን ላለው ልብስ ሰፊ "እስከ ማታ ካልተመለስኩ እናቴን ቦሌ ሚካኤል ሄደህ ንገራት" አልኩት። መርፌውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አልጠየቀኝም።

መኪናው ወደ ቦሌ ወረደ። ሰውየው ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣

"ባለቤቴን ሊገድሏት ነበር" አለኝ።

"እነማን?"

"እሱን እኮ ነው አንቺ የምትነግሪኝ።"

ምኑም አልገባኝም። ሰው ሊገድሉ የነበሩትን ሰዎች ከኤሌክትሪክ ጠጋኝ ምን አገናኛቸው?

ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ሰፊ ግቢ ያለው ቪላ ነው። በሩ ላይ አንድ ሽበታም ሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ናቸው፤ ጋሽ ዘውዴ ይባላሉ። ሰውየውን "ጓድ ኃይሉ" ብለው ሰላም ሲሉት ስሙን አወቅኩ። በአንድ መሥሪያ ቤት የመምሪያ ኃላፊ እንደሆነ ደግሞ ከሁለቱ ወሬ ገባኝ።

ጓድ ኃይሉ በቀጥታ ወጥ ቤት አስገባኝና በጣቱ አመለከተኝ። ሲሚንቶው መደብ ላይ አንድ ሰማያዊ የቡና ማሽን ተቀምጧል። ካፌ ውስጥ እንደምታዩት ትልቅ ሳይሆን ለቤት የተሠራ፣ የጣልያን፣ አንድ ሰው አቅፎ ሊያነሳው የሚችል ነው።

"ይሄ ነው" አለኝ።

ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ልቤ ሲመታ የመጣሁት ለቡና ማሽን ነው? ይህን መሰል ማሽን ከስምንት ወር በፊት ሱቃችን መጥቶልኝ ስለነበር ለሥራው እንግዳ አልነበርኩም። ያኛው ግን ነጭና የዛገ ነበር፤ ይህኛው እንደ አዲስ መኪና ያብረቀርቃል።

ባለቤቱ እትዬ ሮማን ሳሎን ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ክርናቸው በልዟል። ታሪኩን እሳቸው ነገሩኝ።

"ጠዋት ታጥቤ ወጣሁ። ጫልቱ ማሽኑ ላይ ቡና እያፈላች ነበር፤ ብረቱን በእጇ ይዛዋለች፣ ምንም አልሆነችም። 'ቆይ እኔ ልቅዳ' ብዬ ብረቱን ስይዝ፣ ልጄ፣ ምን ልበልሽ፣ ክንዴን የነጠቁኝ መሰለኝ። ግድግዳው ጋ ወድቄ ነው ራሴን ያገኘሁት።"

"እኔ ስትጮህ ሮጬ መጣሁ" አለ ጓድ ኃይሉ። "ማሽኑን ያዝኩት። ምንም! ጫልቱ ያዘችው፤ ምንም! ሮማንን ብቻ። ንገሪኝ እስቲ፣ ኤሌክትሪክ ሰው ይመርጣል?"

"ጫልቱ ማናት?" አልኩ።

እትዬ ሮማን ቀስ ብለው "የቤት ሠራተኛችን ናት" አሉ። "ትናንት ለእህቷ ሠርግ ልሂድ ስትል እንግዳ አለብን ብዬ ከለከልኳት። አለቀሰችና 'እግዜር ይፍረድ' አለች። እኔ ክፉ ናት አልልም፤ ግን..."

"ግን ምን?" አለ ባላቸው። "አሻጥር ነው። ማን እንደላካት አላውቅም። ሰርቪሱ ውስጥ ቆልፌባታለሁ። አንቺ ማሽኑን ፈትተሽ ምን እንዳደረገችበት ታሳዪኛለሽ፤ ያየሽውን ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ፤ ከዚያ ጋሽ ዘውዴ ይወስዷታል።"

አሻጥር የሚለው ቃል ያኔ ምን ያህል ከባድ እንደነበር በዘመኑ ያልነበረ ሰው አይገባው ይሆናል። በዚህ ቃል የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ ማንም አይጠይቅም ነበር።

ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ማሽኑ ቀዝቃዛ እንዳለ በቴስተር ለካሁት፤ ወደ ብረቱ የሚያመልጥ ኤሌክትሪክ የለም። ሶኬቱን ሰክቼ አበራሁት። ጫፏ በኤሌክትሪክ የምትበራ መሞከሪያ ካቻቢቴ አለችኝ፤ ቀለም ያልነካው ብረት ላይ አስጠጋኋት፤ አልበራችም። በእጄ ጀርባ ነካ አደረግኩት፤ ምንም። እትዬ ሮማን ዋሽተው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ግን የበለዘው ክንድ አይዋሽም።

ጥቂት ቆይቼ ውኃው መንፈቅፈቅ ሲጀምር ካቻቢቴዋን ድጋሚ አስጠጋሁ። በራች። አጥፍቼ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩና አበራሁት፤ አልበራችም። ሲሞቅ እንደገና በራች። በበራችበት ጊዜ በእጄ ጀርባ ስነካው ግን አሁንም ምንም አይሰማኝም። አንዴ አለ፣ አንዴ የለም፤ ለካቻቢቴዋ አለ፣ ለእኔ የለም። በትምህርት ቤት የተማርኩት ሁሉ ከራሴ ላይ ተንኖ የጠፋ መሰለኝ። ጓድ ኃይሉ ከኋላዬ ቆሞ "እህስ? እህስ?" ይላል።

ሶኬቱን ነቅዬ የማሽኑን ጀርባ ፈታሁ። ክዳኑ ሲነሳ ከእኔ ቀድሞ ያየው እሱ ነው።

"ይሄ! ይሄ ሽቦ ተቆርጧል!"

እውነቱን ነበር። ከማሽኑ አካል ወደ መሬት የሚሄደው ሽቦ ለሁለት ተቆርጧል። በእርጅና የተበጠሰ አይደለም፤ በፒንሳ ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ ነው። ጫፉ በላስቲክ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል።

"ሰው ነው የቆረጠው፣ አይደለም? በእጅ!"

"አዎ" አልኩ። "በእጅ ነው።"

"ጋሽ ዘውዴ!" ብሎ እየጮኸ ወጣ።

እኔ ክሩን እያየሁ ቀረሁ። አረንጓዴ ነው። እናቴ የቀሚስ ጥልፍ ትጠልፋለች፤ የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር ከገበያ ሲጠፋ ከእሷ የጥልፍ ክር እየወሰድኩ ላስቲክ አስርበት ነበር። ጋሽ ተካ "የአንቺ ሥራ እኮ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ቀሚስ ነው የሚመስል" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ቋጠሮው ድርብ ነው፤ እናቴ እንዳስተማረችኝ።

የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ማሽኑ ያው ከስምንት ወር በፊት የመጣልኝ ነው። ያኔ አንዲት ፈረንጅ አስተማሪ ነበረች ያመጣችው፤ "ሲሞቅ የቤቱን ፊውዝ ይበጥስብኛል" አለችኝ። ስፈትሸው ውኃውን የሚያፈላው ሪዚስታንስ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ሲሞቅ ይከፈታል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ማሽኑ ብረት ያመልጥና በመሬት ሽቦው በኩል ይሄዳል፤ ፊውዙ የሚበጠሰው ለዚህ ነው። መለዋወጫ በከተማው የለም። ሴትዮዋ በማግስቱ እንግዳ አለባት። ጋሽ ተካ ታመው ተኝተዋል። "አልቻልኩም" ማለት አቃተኝና የመሬት ሽቦውን ቆረጥኩት። ፊውዙ መበጠሱን ተወ። ሴትዮዋ አቅፋ ሳመችኝ። እኔም ጠገንኩ ብዬ ኮራሁ።

ያደረግኩት ግን ጥገና አልነበረም። ያመለጠው ኤሌክትሪክ መሄጃ አጥቶ የማሽኑ ብረት ላይ ቀረ፤ የሚነካው ሰው እስኪመጣ።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሳለ ጓድ ኃይሉ ጋሽ ዘውዴን ይዞ ተመለሰና ሽቦውን አሳያቸው።

"ማሽኑን ከማን ነው የገዙት?" አልኩት።

"ከአገር ከምትወጣ ፈረንጅ። ዝጎ ስለነበር ጋራዥ ወስጄ አስቀባሁት። የቀባው ሰው ዓይኔ እያየ ነው የቀባው፣ ውስጡን አልከፈተም። ከዚያ ወዲህ ከጫልቱ በቀር ማንም አይነካውም። ምነው?"

"እንዲያው ነው።"

እንዲያው ነው! ይህችን ቃል እስከ ዛሬ እጠላታለሁ። ልናገር የምችልበት ጊዜ እሱ ነበር። ግን ሽቦውን እኔ ቆረጥኩ ብል የመምሪያ ኃላፊ ሚስት ልገድል የነበርኩት እኔ ልሆን ነው። "አልጨረስኩም፤ ሲሞቅ እንደገና ልፈትሸው" ብዬ ሶኬቱን ሰካሁ። ማሽኑ ዝም አለ። መብራት ጠፍቷል። አምስት ሰዓት ነበር።

"እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ" አለ ጓድ ኃይሉ።

ጠበቅኩ። ምሳ ቀረበልኝ። እትዬ ሮማን በታመመ እጃቸው እንጀራ እያነሱ "ብዪ የኔ ልጅ፣ ለሴት ልጅ ይሄን የመሰለ ሙያ!" ይሉኛል። በላሁ። አውሮፕላን ከጣሪያው በላይ አለፈ፤ ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ። ምናልባት የተሳሳትኩ ቢሆንስ? አረንጓዴ ክር ያለው እኔ ብቻ ነኝ? ሌላ ሰውም እንዲህ ሊቋጥር አይችልም? ራሴን እንዲህ እያታለልኩ ቆየሁ።

ከምሳ በኋላ አላስቻለኝም፤ ወደ ሰርቪሱ ሄድኩ። ጋሽ ዘውዴ ከበሩ ሆነው አዩኝ፤ አልከለከሉኝም። ክፍሉ ትንሽ መስኮት አለው። ጫልቱ ከእኔ የምታንስ፣ ፊቷ ክብ የሆነ ልጅ ናት። የሰፈሩ ተወላጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከቦሌ ሚካኤል ጀርባ ሲያርሱ የኖሩ ናቸው።

"አንቺ ነሽ ማሽኑን የምታዪው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ምን አገኘሽ?"

"ገና ነኝ።"

"እኔ ያን ነገር እፈራዋለሁ። እነሱ አፍዪ ስለሚሉኝ ነው እንጂ ቁልፉን እንኳ የምነካው ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ምን ብዬ አበላሸዋለሁ? እንዴት እንደሚበላሽስ የት አውቄ?"

"ጠዋት ስትይዢው ምን አድርገሽ ነበር? እግርሽ ላይ ማለቴ ነው።"

ግራ ገብቷት ወደ እግሯ አየች። "ይሄንኑ ነዋ።" ላስቲክ ኮንጎ ጫማ ነው።

"እትዬ ሮማንስ?"

"ከመታጠቢያ ቤት ነው የመጡት፤ ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ወለሉን ሁሉ ውኃ በውኃ አድርገውት፣ እኔ ነኝ በኋላ የወለወልኩት።"

በዚያች ቅጽበት የቀረው ሁሉ በራልኝ። እሷን ላስቲኩ አዳናት፤ ጓድ ኃይሉን ወፍራም የጫማው ሶል፤ እኔንም የሸራ ጫማዬ ጎማ። እትዬ ሮማን ብቻ በእርጥብ እግራቸው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆመው ነበር።

"አየሽ?" አለችኝ ፊቴን አይታ። "የሆነ ነገር አወቅሽ፣ አይደለም?"

"መብራት ሲመጣ ነው የማረጋግጠው" ብዬ ጥያት ሄድኩ።

መብራቱ የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ማሽኑን አበራሁትና እስኪሞቅ ሁሉንም ጠራኋቸው። አንድ አምፖል ይዤ አንዱን ሽቦ የማሽኑ ብረት ላይ፣ ሌላውን የውኃው ቧንቧ ላይ አስነካሁ። አምፖሉ በራ። እትዬ ሮማን "በስመአብ!" ብለው ወደ ኋላ አሉ። ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ባዶ እግሩ፣ ስለ ኮንጎ ጫማው አንድ በአንድ አስረዳኋቸው።

"ኤሌክትሪክ ሰው አይመርጥም" አልኩ። "ጫልቱም ባዶ እግሯን ብትሆን ይይዛት ነበር።"

ጓድ ኃይሉ የተቆረጠውን ሽቦ በጣቱ አመለከተኝ። ከዚያ፣

"ይሁን። ሽቦውን ግን ሰው ነው የቆረጠው ብለሻል። ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

ከፈረንጇ ጀምሮ ያለውን ነገርኳቸው። ከቦርሳዬ የክሩን ጥቅል አውጥቼ ሽቦው ላይ ካለው ጋር አስተያየሁላቸው። እፎይ የምል መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ ግን ባሰ።

"ማን ነው ይሄን ያሠራሽ?" አለኝ።

"ማንም።"

"ከጫልቱ ጋር ትተዋወቃላችሁ? በመስኮት ስታወሩ ታይታችኋል!"

"ዛሬ ነው ያየኋት።"

"ማሽኑ እዚህ ቤት እንደሚመጣ በምን አወቅሽ?"

"አላውቅም ነበር! ከስምንት ወር በፊት እርስዎንም አላውቅም፣ ማሽኑን ማን እንደሚገዛውም አላውቅም ነበር።"

እሱም ዞሮበታል። አሻጥረኛ ሲፈልግ ውሎ ያገኘው ይህን ነው፤ ምን እንደሚያደርገው አላወቀም። ክሩን ከእጄ ነጥቆ ለጋሽ ዘውዴ ሰጣቸው። እሳቸው ለረጅም ጊዜ አገላብጠው አዩትና፣

"ጓድ፣ ልጅቷ እኮ ራሷን ነው የከሰሰችው። ለመዋሸት ቢሆን ተቆልፎባት ያለች አንዲት ሴት ነበረችላት" አሉ።

"ቢሆንም ትወሰድ! ይጣራ!"

"እወስዳታለሁ። መጀመሪያ ያቺ ትከፈት።"

ጫልቱ ስትወጣ እኔ ከጋሽ ዘውዴ ፊት ፊት ወደ በሩ እየሄድኩ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን።

ቀበሌው ውስጥ ሁለት ቀን ቆየሁ። አልተመታሁም፤ ቃሌን ሦስት ጊዜ ተቀበሉኝ፤ በሦስቱም የመሬት ሽቦ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። የሚጽፈው ሰው "መሬት እንዴት ሽቦ ይኖራታል?" እያለ ይሰርዛል ይደልዛል። እናቴ ምግብ ይዛ መጣች፤ አታለቅስም፣ አትቆጣም፣ እስክበላ ታየኛለች። ሰኞ ጋሽ ተካ ከአገራቸው ተመልሰው ዋስ ሆኑኝ። እትዬ ሮማንም "ልጅቷ ዋሽታ አይደለም" የሚል ቃል ልከው ኖሯል። ቀትር ላይ ተለቀቅኩ።

ከቀበሌው በር ስወጣ ጫልቱ ቆማለች። ቃሏን ልትሰጥ ተጠርታ ነው። ልብሷን በሻሽ ጠቅልላ ይዛለች፤ ከቤቱ ወጥታለች። እውነት እላችኋለሁ፣ ልታመሰግነኝ የጠበቀችኝ መስሎኝ ነበር።

"ሽቦው የአንቺ እንደሆነ መቼ ነው ያወቅሽው?" አለችኝ።

"ማሽኑን ስፈታ።"

"ስንት ሰዓት ነበር?"

"አምስት ሰዓት ገደማ።"

"እኔ የተከፈተልኝ ዘጠኝ ተኩል ነው። በመስኮት ስትመጪም ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ገና ነኝ አልሽኝ።"

መልሴን ሳትጠብቅ ጥቅሏን አስተካክላ ወደ ቦሌ ሚካኤል መንገድ ሄደች። ጋሽ ተካ አጠገቤ ቆመው ሰምተዋል። ሱቁን ከፍተው ከገቡ በኋላ፣

"የመሬት ሽቦ የቆረጥሽበት ሌላ ዕቃ አለ?" አሉኝ።

ነበረ። ሁለት ካውያና አንድ ምድጃ። በዚያው ከሰዓት ሦስቱንም ቤት እየዞርኩ አንኳኳሁ። "የሠራሁልዎ ዕቃ አደገኛ ነው፤ ተሳስቼ ነው" እያልኩ። አንዷ ሰደበችኝ፤ አንዱ ሳቀብኝ። የምድጃዋ ባለቤት ግን ዕቃውን ሳትሰጠኝ በፊት "ልጆቼ እኮ ባዶ እግራቸውን ነው የሚሮጡት" አለችና በሩ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት በሙያው ሠርቻለሁ። "አልቻልኩም" የሚለውን ቃል ያለ እፍረት መናገር የተማርኩት ያን ሳምንት ነው። ይህን ታሪክ የሰሙ ወዳጆቼ "በዚያ ዘመን ይሄን መናገር ጀግንነት ነው" ይሉኛል። እኔ ግን አንድ ነገር እስከ ዛሬ አልጠራልኝም። የተናገርኩት መብራት ስለመጣ ነው? ጫልቱን ስላየኋት ነው? ወይስ ጓድ ኃይሉ "ማን ነው?" ብሎ ፊት ለፊት ስለጠየቀኝ? መብራቱ እስከ ማታ ባይመጣና ጋሽ ዘውዴ ሰልችቷቸው ልጅቷን ይዘዋት ቢሄዱ ኖሮ ከኋላቸው ሮጬ እጣራ ነበር? እጣራ ነበር ማለት ደስ ይለኛል። እናንተ የምታነቡት ሰዎች ስለ ራሳችሁ እርግጠኛ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እኔ ያቺን ልጅ በመስኮት አይቻት፣ ንጹሕ መሆኗን እያወቅኩ፣ ፊቴን አዙሬ ስሄድ ራሴን አይቻለሁ፤ ስለዚህ አላውቅም።